በእቁብ ብር ሱቅ ለመግዛት፤ ከኮሪያ ቤተሰብ ያየሁት

አናንዴል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የምሠራበት ላውንደሪ የኮሪያ ባልና ሚስት ነው። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ከከፈተ ወዲህ ከጎረፉት ኮሪያውያን መካከል ናቸው። አባትየው ኢንቾን አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ፣ ሚስታቸው ሱሪ ሲያሳጥሩ ቆይተው ሱቁን የገዙት በእቁብ ነው። እነሱ ክዬ ይሉታል። ሱቅ ለምታስቡ ሁሉ አሠራሩን ልንገራችሁ።

በእነሱ ዘንድ ዕጣ የማይወጣበት ዓይነት አለ፤ ተራው ገና ከመነሻው ይታወቃል። ሃያ ሰው ሆናችሁ፣ በየወሩ አንድ ሰው 20,000 ዶላር ይወስዳል እንበል። መጀመሪያ የሚወስደው በየወሩ 1,190 ይጥላል፤ ቀጣዩ 1,170፤ እንዲህ 20 ዶላር እየቀነሰ ሃያኛው 810 ብቻ ይጥላል። የመጀመሪያው በጠቅላላ 23,800 ይከፍላል፣ የመጨረሻው 16,200። ቸኩሎ የወሰደው ለታገሠው ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ የሚገዛ ቀደም ያለ ተራ ይያዝ፣ ለልጁ ኮሌጅ የሚያጠራቅም ወደ ኋላ ይሁን።

ዳኛው ከባድ ኃላፊነት አለበት፤ አንዱ በልቶ ቢጠፋ ከኪሱ የሚሞላው እሱ ነው። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጥራ። ሁሉንም በጽሑፍ አድርጉ፣ አስፈርሙ። ብሩ በጥሬው ከሆነና ከ10,000 ዶላር ካለፈ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ይህ ምንም አያስፈራም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በአንድ ጊዜ አስገቡ።

አሁን ዋናው ነገር። ሻጭ «ገቢዬ ይህን ያህል ነው» ሲል ወረቀቱን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። አባትየው ሻጩን አስፈቅደው ካውንተሩ አጠገብ ቆመው የገባውን ልብስ ሁሉ በደብተር ሲመዘግቡ ከረሙ። ደብተሩ ዛሬም ከክር መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ሸሚዝ በአንድ አምድ፣ ሙሉ ልብስ በሌላ፣ ስፌት በሦስተኛ፣ በእርሳስ። አምዱን የለያዩት በምክንያት ነው፤ ሸሚዝ ደንበኛ ያመጣል እንጂ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ቤት የሚያቆመው ሙሉ ልብሱና ስፌቱ ነው። እናንተም እንዲህ ቁጠሩ። ሰኞንም ዝናባማ ቀንንም እዩ።

ከዚያ የኪራይ ውሉን አንብቡ፤ ስንት ዓመት ቀረው? ማደስስ ትችላላችሁ? ሁለት ዓመት በቀረው ውል ላይ ሙሉ ዋጋ መክፈል ገንዘብን ለአከራዩ ማስረከብ ነው። ማሽኑ በምን ኬሚካል እንደሚሠራም ጠይቁ። ፐርክ የሚባለው የልብስ ማጽጃ ኬሚካል ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱ፤ የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 መጨረሻ ባወጣው ደንብ ላውንደሪዎች በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲያቆሙት አዟል። አሮጌ ማሽን የነበረበት ወለል ሥር አፈሩ ተበክሎ ሊሆን ስለሚችል ሳታስመረምሩ አትግዙ፤ ማጽዳቱ ከሱቁ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የእቁቡን ብር ሁሉ ለሻጩ አትስጡ፤ የጥቂት ወር ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ አስቀሩ፣ ምክንያቱም የእቁቡ ወርኃዊ መዋጮ ገና አላለቀም፣ ሱቁ ቢቀዘቅዝም መጣሉ አይቀርም። ሱቁ በእግሩ ሲቆም ደግሞ ቀጣዩ እቁብ ላይ የመጨረሻውን ተራ ያዙ፤ ያኔ ወለዱን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ።