የፕላኔት ስበት መንኮራኩርን ያፈጥናል ሲባል፦ በማስረዳት ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር በጁፒተር አጠገብ ያለፈችውን የቮያጀር መንኮራኩርን ጉዞ ባነሳሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መምህር፣ ጁፒተር ስትቀርበው የጨመረላትን ፍጥነት ስትርቅ መልሶ ይወስድባት የለም እንዴ? ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ?» ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በእኛ በአስረጂዎቹ ዘንድ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ከምን አንጻር እንደተለካ ሳይናገሩ «ፍጥነቷ ጨመረ» ማለት ነው። ከጁፒተር አንጻር ከታየ የልጁ ሙግት ፍጹም ትክክል ነው፤ መንኮራኩሯ ስትቀርብ ያገኘችውን ስትርቅ ትመልሳለች፣ የሚለወጠውም አቅጣጫዋ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጁፒተር ራሱ በሰከንድ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ፀሐይን ስለሚዞር፣ መንገዷ እሱ ወደሚሄድበት በታጠፈ መጠን ከፀሐይ አንጻር የሚለካው ፍጥነቷ ያድጋል።

ይህን የማስረዳው ከተማችንን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወደሚመጣ ሲኖትራክ ኳስ በ30 ተወረወረች እንበል። ለሹፌሩ ኳሷ በ90 ትመጣበታለች፤ ጉልበት ሳይባክን ብትነጥር ከእሱ በ90 ትርቃለች፤ አስፋልቱ ዳር ለቆመ ሰው ግን ፍጥነቷ 150 ነው። (እንዳይሞክሩት ሁልጊዜ አስጠነቅቃለሁ።) ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «ለሹፌሩ»፣ በሌላው «ለቆመው ሰው» ብዬ ቁጥሮቹን ስጽፍ ሙግቱ ይረግባል። ሆኖም ምሳሌውን እንዳለ መውሰድም ስህተት ነው፤ መንኮራኩሯ ከምንም ጋር አትጋጭም፣ መንገዷም እንደ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ወደኋላ ስለማይታጠፍ ትርፏ ከዚህ ያንሳል።

ሌላው ስህተት ጉልበቱ በነጻ የተገኘ ማስመሰል ነው። ከፋዩ ጁፒተር ነው፤ ነገር ግን አንድ ቶን የማትሞላ መንኮራኩር የምትወስድበት ከግዝፈቱ አንጻር እጅግ ኢምንት ስለሆነ መሣሪያ አይለካውም።

ስበት ሁልጊዜ ያፈጥናል ማለትም ልክ አይደለም። ከፕላኔቱ ኋላ ያለፈች ታተርፋለች፣ ከፊቱ ያለፈች ትከስራለች፤ ኪሳራው ራሱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። ማሪነር 10 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1974 በቬኑስ ስበት ፍጥነቷን ቀንሳ በቀጣዩ ወር ሜርኩሪ ደረሰች። ፓርከር የተባለችው መንኮራኩርም ወደ ፀሐይ ለመጠጋት በቬኑስ አጠገብ ሰባት ጊዜ አልፋለች።

አንዳንዶች ደግሞ ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1990 በመሬት አጠገብ ስታልፍ የታየባትን፣ ከስሌቱ በሰከንድ 4 ሚሊ ሜትር ያህል የበለጠ ፍጥነት፣ በፕላኔት ስበት ፍጥነትን የመለወጥ ዘዴው ላለመሥራቱ ማስረጃ ያደርጉታል። ልዩነቱ በእርግጥ ተመዝግቧል፣ ሁሉም የተስማሙበት ምክንያትም አልተገኘለትም። ነገር ግን ዘዴው የሚያስገኘው ለውጥ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ሲሆን ልዩነቱ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 በመሬት አጠገብ ስታልፍም እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም።

በመጨረሻ «በፀሐይ ስበትስ ለምን አይፈጥኑም?» የሚል አይጠፋም። በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ ፍጥነቱን የምንለካው ከራሷ ከፀሐይ አንጻር ስለሆነ፣ በአጠገቧ ብቻ በማለፍ የሚቀር ትርፍ የለም፤ የኋላ ወንበሩ ልጅ ሙግት ያለ ምንም ማሻሻያ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።