የውጭ ፍራንቻይዝ ከመግዛትዎ በፊት የምዝገባ ታሪኩን እንዴት ይመረምራሉ?

ፍራንቻይዝ (በሌላ ኩባንያ ስምና አሠራር ሱቅ የመክፈት መብት) ገዝተው ጎንደር ፒያሳ ወይም ማራኪ ላይ የአሜሪካ ስም ያለው የፒዛ ወይም የቡና ቤት ሊከፍቱ ሲደራደሩ፣ ሻጩ ቶሎ የሚያነሳው ቃል «ድርጅታችን አሜሪካ የተመዘገበ ነው» የሚለው ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው የት ተመዘገበ፣ ማንስ አነበበው የሚለው ነው።

በአሜሪካ ፍራንቻይዝ የሚመዘግብ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሻጩ 23 ክፍሎች ያሉትን መግለጫ ሰነድ ውል ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመከፈሉ ቢያንስ 14 ቀን በፊት ለገዢው እንዲሰጥ ያዛል፤ ሰነዱን ግን ኮሚሽኑ አይመረምርም። ምዝገባ ያለው በተወሰኑ ግዛቶች ነው። በካሊፎርኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን መርማሪ ሰነዱን አንብቦ ማስተካከያ ያዛል። ዊስኮንሲን ግን ያለ ምርመራ ይመዘግባል። ስለዚህ ምዝገባ ሁሉ እኩል አይመዝንም።

ይህ ደንብ የሚጠብቀው አሜሪካ ውስጥ የሚከፈቱ ሱቆችን ብቻ ነው። ጎንደር ለሚከፈት ሱቅ ሻጩ ሰነዱን የመስጠት ግዴታ ስለሌለበት በጽሑፍ ይጠይቁት። እንቢ ካለ የካሊፎርኒያ፣ የዊስኮንሲንና የሚኒሶታ መዝገቦች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ሲፈልጉ በሱቁ ስም ብቻ አይወሰኑ፤ ውሉን የሚፈርመው ኩባንያ ሕጋዊ ስም ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ያለፉትን 3 ዓመታት ሰነዶች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በመጀመሪያ የየግዛቱ ምዝገባ የጸናበትን ቀን የሚያሳየውን ገጽ ይዩ። አምና የነበረ ግዛት ዘንድሮ ባዶ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ትልልቅ ኩባንያዎች በአንዳንድ ግዛት ከምዝገባ ነፃ ስለሚሆኑ ባዶነቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ክፍል 3 የክስና የመንግሥት ትእዛዝ፣ ክፍል 4 የኪሳራ ታሪክ ነው፤ ሁለቱም 10 ዓመት ወደኋላ ይሄዳሉ። ሳይመዘገብ በመሸጥ የተቀጣ ኩባንያ እዚህ ይታያል።

ብዙ ገዢ የሚዘለው ከኋላ ያለውን የየግዛቱን አባሪ ነው። «የመግቢያ ክፍያ ሱቁ እስኪከፈት አይሰበሰብም» የሚል ካገኙ፣ መርማሪው ኩባንያው ሱቁን ለማስጀመር የሚበቃ አቅም እንዳለው ተጠራጥሯል ማለት ነው። እርስዎም ያንኑ ዋስትና ይጠይቁ። ከዚያ የኩባንያው የሒሳብ መግለጫ ባለበት በክፍል 21 የኦዲተሩን አስተያየት ያንብቡ፤ ኩባንያው በሥራው መቀጠሉን የሚጠራጠር አንቀጽ ካለ ድርድሩን ያቁሙ።

የሱቆቹን ቁጥር በሚያሳየው ክፍል 20 ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡ ያዋጣል። አምና በዓመቱ መጨረሻ የነበሩት ሱቆች ቁጥር ዘንድሮ መጀመሪያ ላይ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ማብራሪያ ይጠይቁ። ውላቸው የተቋረጠባቸውን፣ ያልታደሰላቸውንና የዘጉትን ይደምሩ። ለምሳሌ ዓመቱን በ80 ሱቅ ጀምሮ 20 ከፍቶ 16 የዘጋ ኩባንያ «በ4 አደግን» ይላል፤ ከ5 ሱቅ 1 መዝጋቱን አይነግርዎትም። በዓመቱ የወጡት ሰዎች ስምና ስልክም እዚያው ስላለ፣ አሜሪካ ዘመድ ካለዎት ቢያንስ አምስቱን ያስደውሉ። የሚጠየቁት ለምን እንደወጡና ድጋፉ እንደተባለው መድረሱን ነው። የሱቆች የገቢና የትርፍ አኃዝ የሚቀርብበት ክፍል 19 ባዶ ሆኖ ሻጩ በቃል የትርፍ አኃዝ ቢነግርዎት አይቀበሉት፤ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ማድረግ ክልክል ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ምዝገባ ጎንደር ላይ አይሠራም። ምልክቱ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በማን ስም እንደተመዘገበ ያረጋግጡ፤ በዐዋጅ ቁጥር 501/1998 ምዝገባው ለ7 ዓመት ስለሚጸና የሚያበቃበትን ቀንም ይዩ። ሻጩ አዲስ አበባ ያለ ዋና ወኪል ከሆነ ንግድ ፈቃዱ መታደሱን ያጣሩ፤ ከእናት ኩባንያው ጋር ያለውን ውልም ይመልከቱ። ለሌላ ሰው የመስጠት መብት በግልጽ ካልተጻፈለት የሚሸጥልዎ ነገር የለውም። የእሱ ውል 3 ዓመት ቀርቶት ለእርስዎ የ10 ዓመት ውል ከሰጠዎት፣ በአራተኛው ዓመት ማን እንደሚቀበልዎ እናት ኩባንያው በፊርማው ያረጋግጥልዎ፤ ክፍያውን ከዚያ በኋላ ይላኩ።