ከጎንደር ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ራሳችሁ አስሉት

ሰው ወደ አሜሪካ ልንሸኝ ስንል አንዱ 13 ሰዓት ነው ይላል፣ ሌላው ኧረ አንድ ቀን ሙሉ ነው ይላል፣ የሚገርመው ሁለቱም አልዋሹም።

መጀመሪያ ርቀቱን ያዙ። ጉግል ማፕ ላይ ጎንደርን ጫን አድርጋችሁ ርቀት መለኪያውን ከፍታችሁ እስከ ዋሽንግተን ብትስቡት 11,180 ኪሎሜትር አካባቢ ያወጣላችኋል፣ ግን ይሄ ለወሬ ነው የሚሆነው ምክንያቱም ከአዘዞ፣ ከጎንደር አየር ማረፊያ፣ ተነስቶ ውቅያኖስ የሚሻገር አውሮፕላን የለም፣ መጀመሪያ ወደ ደቡብ አዲስ አበባ ትወርዳላችሁ። ስለዚ በሁለት ከፍላችሁ ለኩ፦ ጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420፣ አዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,560፣ በቃ 12 ሺህ በሉት። የአውቶቡሱን ኪሎሜትር ደግሞ እንዳታስገቡት፣ እሱ አባይ በረሃን ተጠማዞ ከ700 በላይ ነው። ቴላቪቭ የሚሄድ ሰውማ የባሰ ነው፣ ከጎንደር ቀጥታ 2,180 የሆነውን መንገድ በአዲስ አበባ ዞሮ 3,000 ያደርገዋል።

ሰዓቱ ቀላል ነው። ለትልቁ ጄት የአዲስ አበባ ዋሽንግተኑን ኪሎሜትር ለ850 አካፍሉ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፣ 14 ሰዓት ይመጣል። ለአገር ውስጧ ባለ ፕሮፔለር ለ600 አካፍሉ፣ ከነግማሽ ሰዓቷ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ናት።

ግን ሲሄዱ 14 አይበቃም። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅም ሰውም ጢም ብሎ የሞላ አውሮፕላን ለመነሳት ይከብደዋል፣ ነፋሱም ከፊት ነው የሚመጣው፣ ስለዚ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላና ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ በቀጥታ 13 ሰዓት አካባቢ ነው። የ13ቱ ወሬ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ቲኬቱ። ሁሉም ሰዓት የዛው ከተማ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:30 ይደርሳል ቢል 10 ሰዓት ይመስላል፣ ግን ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከኛ ወደኋላ ስለሆነች 7 ስትጨምሩ 17 ይሆናል። ጎኑ ላይ ያለችው +1 በማግስቱ ማለት ናት።

ሌላው የኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው፣ ከቲኬቱ ሰዓት ላይ 6 ቀንሱ። እኛ ቤት እቴቴ የአዲስ አበባውን በረራ 08:10 የሚለውን ከሰዓት 8:10 ነው ብላ፣ በርበሬው ታስሮ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ፣ አንዱ የአጎቴ ልጅ ቲኬቱን አየና «እቴቴ፣ ይሄ እኮ ጠዋት 2:10 ነው!» አለ። ሰዓቱ 3 ሆኗል። ቡናው እዛው ቀረ።

ትራንዚቱን ቢያንስ 4 ሰዓት አድርጉት፣ ክረምት ላይ ደመና የጎንደርን በረራ ሊያዘገየው ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ግዙ፣ ለየብቻ ከገዛችሁ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የናንተው ነው።

እንግዲ ደምሩት፦ አዘዞ ላይ ቀድሞ መድረሻ 2፣ እስከ ቦሌ 1 ከ10፣ ትራንዚት 4፣ በረራ 17። 24 አለፈ። ደለስ፣ የዋሽንግተን አየር ማረፊያ ላይ፣ የሚቀበላችሁን ሰው ደግሞ አውሮፕላኑ ካረፈ ከሰዓት ተኩል በኋላ ና በሉት፣ የፓስፖርቱ ሰልፍና ሻንጣው አለ።