ለተማሪዎቻችሁ የዲጂታል ሥራ ማህደር እንዴት ትመርጣላችሁ?

ሐምሌ ላይ ቆሎ ስትገዙ መጠቅለያውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የአንድ ልጅ ደብተር ቅጠል ነው። በቀይ እስክሪብቶ የታረመ፣ ጎኑ ላይ «ጎበዝ!» የተጻፈበት። እኔ መምህር ስለሆንኩ ቆሎውን ትቼ ወረቀቱን አነባለሁ። ያ ልጅ መስከረም ላይ እንዴት ይጽፍ ነበር? ሰኔ ላይስ የት ደረሰ? ይህን የሚያሳየው ነገር ለቆሎ ውሏል። በወላጅ እጅ የቀረው ካርድ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ዲጂታል ፖርትፎሊዮ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የሥራ ማህደር እንበለው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከሠራው ውስጥ ራሱ መርጦ፣ «ይህን ያስቀመጥኩት በዚህ ምክንያት ነው» እያለ የሚያኖርበት ቦታ ነው። ልጁ ካልመረጠና ምክንያቱን ካልተናገረ የፎቶ ክምር ይሆናል። ስለዚህ እኔ መሣሪያ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ልጁ በገዛ እጁ ሥራውን ማስገባትና ስለ ሥራው መናገር መቻሉን ነው። ቀጥሎ ዓመቱ ሲያልቅ ይዞት መሄድ መቻሉን። የቀረው ጌጥ ነው።

1. በእጃችሁ ያለውን ቁጠሩ

አፕ ከማውረዳችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ጻፉ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ስንት ስልክ ወይም ታብሌት አለ? ኢንተርኔቱን የሚከፍለው ማነው? ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይመጣ ይከለክላሉ። እንግዲያው ያለው መሣሪያ የመምህሩ ስልክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ አያሳፍርም፣ በአንድ ስልክም ይሠራል። ነገር ግን «እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ አካውንት ይግባ» የሚል መሣሪያ ለእናንተ አይሆንም ማለት ነው።

ቦታውንም አስሉት። አንድ የስልክ ፎቶ 3 ሜጋባይት ገደማ ነው ብለን እንነሳ። 50 ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ሁለት ፎቶ ካስገቡ 300 ሜጋባይት ይሆናል። በ40 ሳምንት 12 ጊጋባይት ደረሰ። ጉግል ለግል አካውንት በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱም ለጂሜይልና ለጉግል ፎቶ ጭምር የሚከፋፈል ነው። ቪዲዮ ከጨመራችሁበት ገና ጥር ሳይደርስ ይሞላል። ድምፅ ግን ቀላል ነው። በቴሌግራም የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ይይዛል።

2. የልጆቹን ዕድሜ አስቡ

ጉግል በብዙ አገር ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በራሱ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም። ዕድሜ ዋሽቶ መክፈት የተለመደ ቢሆንም፣ መምህር ልጆችን በዚህ ማስጀመር የለበትም። ትክክለኛው መንገድ ትምህርት ቤቱ ጉግል ለትምህርት ተቋማት በነጻ የሚሰጠውን አገልግሎት መጠየቅ ነው። ተቋሙ ከተፈቀደለት ለተማሪዎቹ በወላጅ ፈቃድ አካውንት ይከፍታል። የሚሰጠው ቦታም ለተቋሙ በጋራ 100 ቴራባይት ነው። ርዕሰ መምህራችሁን አሳምኑ፣ ድካሙ ያዋጣል።

3. ለክፍላችሁ የሚስማማውን ለዩ

ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የምታስተምሩ ከሆነና ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ታብሌቶች ካሉ ሲሶው (Seesaw) የሚባለውን አፕ ሞክሩ። የተሠራው ለትንንሽ ልጆች ነው። ልጁ ኪው አር ኮድ አስነብቦ ይገባል፤ የይለፍ ቃል ማስታወስ የለበትም። ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ ይስላል፣ ድምፁን ይቀዳል። ያስገባውን መምህሩ አይቶ ሲያጸድቅ ይወጣል። ወላጅ የሚያየው የራሱን ልጅ ሥራ ብቻ ነው። በነጻ የሚሰጠው ክፍል ገደብ ስላለው የሚበቃችሁ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከሰባተኛ ክፍል በላይ ለሆኑና አካውንት ላላቸው እኔ የምመርጠው ጉግል ስላይድን (ጽሑፍና ፎቶ በየገጹ የሚቀመጥበትን አፕ) ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ፋይል ትከፍታላችሁ። በየገጹ አንድ ሥራ፣ ከሥሩ የልጁ ሁለት መስመር አስተያየት። ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማዘጋጀት ስለሚቻል መስመር ሲቋረጥ ሥራው አይቆምም። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ያንኑ ወደ ጉግል ሳይትስ አዙረው የራሳቸው ድረ ገጽ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሁሉም ሥራውን የሚለጥፍበት ዲጂታል ሰሌዳ፣ ፓድሌት፣ ለጋራ ሥራ ቆንጆ ነው፤ በነጻ የሚሰጠው ሰሌዳ ግን ጥቂት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ አይዳረስም። በኒውዚላንድ የተሠራው የሥራ ማህደር ሶፍትዌር፣ ማሃራ፣ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ሰርቨርና የሚያስተዳድረው ባለሙያ ይፈልጋል። ለዩኒቨርሲቲና ለኮሌጅ ተዉት።

ያላችሁ የራሳችሁ ስልክ ብቻ ከሆነስ? ቴሌግራም በቂ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ። እናንተና አንድ ሌላ መምህር ብቻ ያላችሁበት የግል ቻናል ክፈቱ። ሌላውን መምህር አድሚን አድርጉት፤ ሲም ካርዳችሁ ቢጠፋ ማህደሩ አብሮ አይጠፋም። ሥራውን ፎቶ አንሱ፣ ከሥሩ «#ተማሪ07» እያላችሁ በሮል ቁጥር መለያ ጻፉ። መለያውን ስትነኩት የዚያ ልጅ ሥራ ብቻ ተሰብስቦ ይመጣል። ከዚያ ልጁን አጠገባችሁ ጠርታችሁ ስለ ሥራው በድምፅ እንዲናገር አድርጉ። ወላጆችን ቻናሉ ውስጥ አታስገቡ። ለእያንዳንዱ ወላጅ የልጁን ሥራ በግል ላኩለት።

4. በአማርኛ ፈትኑት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በኋላ ይቆጨዋል። ውጭ አገር የተሠራ መሣሪያ በእንግሊዝኛ ሲያምር አይተን በአማርኛ ምን እንደሚሆን ሳናይ እንጀምራለን። እንዲህ ፈትኑ። «ኋላ ላይ ጓደኛዬ ቋንጣ ሰጠኝ፤ ደስ አለኝ።» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡትና በሌላ ሰው ያረጀ ስልክ ክፈቱት። ኋ፣ ጓ እና ቋ በትክክል ወጡ? ድርብ ሰረዙና አራት ነጥቡ ቦታቸው ላይ ናቸው? ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ያንን መሣሪያ ተዉት፤ ወይም ለጽሑፍ ሳይሆን ለፎቶና ለድምፅ ብቻ ተጠቀሙበት።

ፍለጋውም አለ። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ልጅ ነው፤ ለአብዛኛው አፕ ግን ሦስት የተለያየ ቃል ነው። «ፀሐይ» ብሎ ያስቀመጠውን ሥራ «ጸሃይ» ብሎ የሚፈልግ ልጅ አያገኘውም። ጠፋብኝ ብሎ ያለቅሳል፣ እናንተም ግማሽ ክፍለ ጊዜ ትፈልጋላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፋይል ስም በስም ሳይሆን በሮል ቁጥርና በወር ይሁን፦ «07 ኅዳር» ዓይነት። የወሮቹን አጻጻፍ ደግሞ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፋችሁ ተዉት፣ «ህዳር» የሚል እንዳይኖር።

በአማርኛ ኪቦርድ መጻፍ ለትንሽ ልጅ አድካሚ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ይፈጅበትና የሚለውን ይረሳዋል። ስለዚህ ድምፅ የማይቀዳ መሣሪያ ለታችኛው ክፍል አልመርጥም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ በቃሉ ሲናገር የሚያስገርም ነገር ይናገራል።

5. መውጫውን ሳታዩ አትግቡ

ከዓመታት በፊት የአንድ ሙሉ ዓመት የተማሪዎቼን ሥራ አንድ ነጻ ድረ ገጽ ላይ ሰብስቤ ነበር። አገልግሎቱ ሲዘጋ ማሳወቂያው ወደማልከፍተው ኢሜይል ነበር የመጣው። ሁሉም ጠፋ። ለልጆቹ የነገርኩበትን ቀን አልረሳውም።

ትልቅ ኩባንያም ይዘጋል። ጉግል ጃምቦርድ የሚባለውን ዲጂታል ሰሌዳውን በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ዘግቶታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሥራ አስገቡ፣ ከዚያ አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ማውረጃውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካላገኛችሁት ሌላ ፈልጉ። ከዚያም በየወሩ መጨረሻ ሁሉንም ወደ ፍላሽ ወይም ኮምፒውተር ገልብጡ።

6. ወላጅን ጠይቁ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ መሰብሰብ ሕግ አለው። አዋጁ ባይኖርም የሰው ልጅ ፎቶ ያለ ፈቃድ አይወጣም። አጭር ደብዳቤ በአማርኛ ጻፉ፦ ምን እንደምትሰበስቡ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ወላጅ «አጥፉልኝ» ካለ እንደምታጠፉ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች በቃል አስረዱ። ፎቶ ስታነሱ ደግሞ ካሜራው ወደ ደብተሩ ይሁን፣ ፊት አያስፈልግም።

7. ለሁለት ሳምንት ሞክሩ

ሙሉ ክፍሉን በአንድ ጊዜ አታስጀምሩ። አምስት ልጆች፣ አንድ ትምህርት፣ ሁለት ሳምንት። ጎበዞቹን ብቻ አትምረጡ፤ ዝምተኛውንም፣ ስልክ ነክቶ የማያውቀውንም ጨምሩ። ዓርብ ዓርብ ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ «ከዚህ ሳምንት ሥራህ የትኛውን ታስቀምጣለህ? ድጋሚ ብትሠራው ምን ትቀይራለህ?» ልጁ መልሱን ያለ እናንተ እርዳታ ማስገባት ከቻለ መሣሪያው ሆኗል። በሁለተኛው ሳምንትም «ቲቸር፣ የት ነው የምነካው?» እያለ ከሆነ ቀለል ወዳለው ውረዱ።

ሰኔ ላይ ካርድ በሚሰጥበት ቀን ማህደሩንም አብራችሁ ስጡ። ፍላሽ ለሌለው ልጅ በወላጁ ቴሌግራም ላኩለት። ወላጁ ስማርት ስልክ ከሌለው ከሥራዎቹ ሦስቱን አትማችሁ ስጡት፤ የመስከረሙ ከላይ፣ የሰኔው ከታች ይሁን።