ካምቢዮው አስቸገረ? አዲቲቭ ከመጨመራችሁ በፊት

አውቶማቲክ ካምቢዮ ትንሽ ሲያስቸግር ቶሎ የሚሰጠው ምክር "አዲቲቭ (ዘይቱ ላይ የሚጨመር ኬሚካል) ጨምርበት" ነው። አዲቲቭ የሚያግዝበት ቦታ አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት እዩ። መኪናውን አሙቁና ሜዳ ላይ አቁሙት። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ ልኩን እዩ፣ አንድ ጠብታም ነጭ ሶፍት ላይ ጣሉ፤ ያያችሁትን ከታች ካሉት ምልክቶች ጋር አመሳክሩ። ብዙዎቹ መኪኖች ሞተር እየሠራ ነው የሚለኩት፤ ሆንዳ ግን ጠፍቶ ነው።

ማርሹን ወደ ዲ (ወደፊት መሄጃው) ስታስገቡ ዘግይቶ ይይዛል፣ ወይም ሞተሩ ይጮሃል መኪናው አይሄድም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይት ማነስ ነው። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። ካነሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። የደረቀ የጎማ ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገው ቀለበት) ወዝ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ሲል የሚያለሰልስ አዲቲቭ ሊረዳ ይችላል። የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሲሉን ቀይሩት።

ነዳጅ ቀስ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዱ፣ ኮረኮንች ላይ ያላችሁ ይመስል ይንቀጠቀጣል። የአዲቲቭ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን፣ ማለትም በሰበቃ የሚይዘው ሳህን፣ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው ዘይቱ የሰበቃ መቆጣጠሪያ ቅመሙን ሲጨርስ ነው። ግን የሞተር መቆራረጥም ይህንኑ ይመስላል። ለመለየት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን በግራ እግር ነካ አድርጉት። መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ ጥፋቱ ያለው ኮንቨርተሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ዘይቱን ቀይሩ። አንዴ ስታፈሱት ከፊሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ስለሚቀር፣ ጥቂት ነድታችሁ እንደገና ቀይሩት። ይህም ካልበቃ የሰበቃ አዲቲቭ ጨምሩ። ብዙ ሳይቆይ ከተመለሰ ግን ፍሪሲዮኑ አልቋል።

ዘይቱ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል። ፍሪሲዮኖቹ ተቃጥለዋል። የተበላ ፍሪሲዮን በጠርሙስ አይመለስም፤ ገንዘባችሁን ለጥገናው አስቀምጡት። ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲፈታ ውስጡ ያለው ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ ቢታይ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ከሆነ ግን ካምቢዮው መፈታት አለበት።

ዘይቱ እንደ እንጆሪ ወተት ሆኗል። የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩን አታስነሱ፣ አስጎትቱት። ውሃው የፍሪሲዮኑን ልባስ የያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ራዲያተሩ ይቀየራል፣ ካምቢዮውም ይታጠባል። አዲቲቭ እዚህ ምንም ቦታ የለውም።

ሲቪቲ ካምቢዮ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶና በፑሊ፣ ማለትም ቀበቶው በሚዞርበት ጎማ፣ የሚሠራ) ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፤ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው። የብረት ቀበቶው የሚሠራው ፑሊውን አጥብቆ በመያዝ ነው። ለተራ አውቶማቲክ የተሠራ አዲቲቭ ካንሸራተተው ቀበቶውም ፑሊውም ይፋቃሉ። ዘይቱም ቢሆን የራሱ ነው። ቲ-4 እና ደብሊው-ኤስ የተባሉት የቶዮታ ተራ አውቶማቲክ ዘይቶች እንኳ አንዱ በሌላው አይተካም፤ አዲቲቭም አንዱን ወደ ሌላው አይለውጠውም።

መጨመር ካለባችሁ ደግሞ መጠኑን ጠብቁ። ዘይቱ ልክ ላይ ከሆነ፣ የምትጨምሩትን ያህል ዘይት አስቀድማችሁ ከውስጡ አውጡ። ከልኩ ያለፈ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው ዘይት እንዳነሰው ሁሉ መንሸራተት ይጀምራል።