የቆየ ሙዚቃዊ ፊልምን ለቴአትር መድረክ ማዘጋጀት

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የመብቱን ጉዳይ ጨርሱ። የፊልሙ፣ የዜማውና የግጥሙ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የመድረክ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል፤ ወደ አማርኛ የመተርጎም ፈቃድም በውሉ ይካተት።

ከዚያ ፊልሙን ሰዓት ይዛችሁ እዩት። በአንድ ዓምድ ትዕይንቱን፣ በሌላው ካሜራው የሠራውን ጻፉ፦ ፊት አቅርቦ ማሳየቱን፣ ከቤት ወደ መንገድ መዝለሉን፣ ዓመታት ማሳለፉን። መድረክ ላይ ይህን ሥራ ዘፈኑ፣ መብራቱ ወይም ተወዛዋዦቹ ይረከባሉ። ተረካቢ ያላገኘ ትዕይንት ይውጣ። መጋረጃ ዘግቶ ዕቃ መቀየር ስሜት ይገድላል፤ ለውጡን ሙዚቃ ይሸፍነው፣ ባንዱም ምልክት እስኪያይ የሚደጋግመው 4 ሜዠር (እኩል ምት ያለው የዜማ ክፍል) ይኑረው።

ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ግጥሙ ነው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት መምታት ቀላል ይመስላል፤ ስንኙ ሁሉ በግስ ሲያልቅ ግን ጆሮ ይሰለቻል። ከዚህ የሚብሰው ጥብቀት ነው። ጠብቆ መነገር ያለበት ፊደል ዜማው ላይ ላልቶ ከወጣ ትርጉሙ ይዞራል። ስለዚህ ገጣሚው ከኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ተዋናዩ እየዘፈነለት ያርም።

በፊልም ድምፁ አስቀድሞ ይቀረጻል፤ ተዋናዩ በኋላ አፉን እያንቀሳቀሰ ይጨፍራል። መድረክ ላይ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ነው። ከከባድ ውዝዋዜ በኋላ 8 ሜዠር የመሣሪያ ሙዚቃ አስገቡ፣ ወይም የመጀመሪያውን ስንኝ ተቀባዮቹ ይዝፈኑት። ቶኑንም ለተዋናዩ ድምፅ ዝቅ አድርጉ።

የትልቁን ኦርኬስትራ ሥራ 9 ሰው ይችለዋል፦ 2 ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ 2 ትራምፔት፣ አልቶና ቴነር ሳክስፎን፣ ትሮምቦን። የቫዮሊኖቹን ዜማ ለሳክስፎን ስጡት፤ በኪቦርድ ሲመሰል ይሳሳል።

በ1952 እ.ኤ.አ. እንደወጣው «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ፊልም የእናንተም ዝናብ ያለበት ከሆነ ክብደቱን አስሉ፦ 6 በ4 ሜትር ወለል ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 1.2 ቶን ነው። ብሔራዊም ሆነ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ብታሳዩ፣ የመድረክ ኃላፊውን ሳታማክሩ ውሃ አታፍስሱ። እርጥብ እንጨት ያብጣል፤ ውሃው ተወዛዋዥ ያንሸራትታል፣ ማይክራፎን ያበላሻል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ካገኘ ደግሞ ሰው ይገድላል። እኛ የምንመርጠው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ቀርጾ ማሰማትን ነው፤ የሐምሌን ዝናብ የሚያውቅ ተመልካች ወዲያው ይገባዋል። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ፣ ቀጥሎ ዶፍ፤ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ድምፁ ይቀነስ፣ ከኋላ በኩል ሰማያዊ መብራት ይብራ።