በመሬት ቅየሳ የማይገጣጠሙ የርቀት ልኬቶችን በሊስት ስኩዌር እንዴት ማስታረቅ ይቻላል?

በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ችካሎች ተተክለዋል እንበል። ከሀ እስከ ለ 100.02 ሜትር፣ ከለ እስከ ሐ 150.03 ሜትር ተለካ፤ ከሀ ተነስቶ ለ ላይ ሳይቆም እስከ ሐ ሲለካ ደግሞ 250.11 ሜትር ሆነ። የሁለቱ ክፍሎች ድምር 250.05 ሜትር ስለሆነ 6 ሴንቲ ሜትር አልገጠመም። ብዙዎች ይህን ልዩነት በሙሉ በአንዱ ልኬት ላይ ይጭኑታል፤ ይህ ግን ያለ ማስረጃ አንዱን ጥፋተኛ፣ ሌሎቹን ንጹሕ ማድረግ ስለሆነ አልስማማበትም። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ሌዣንድር እ.ኤ.አ. በ1805 ያሳተመው የሊስት ስኩዌር ዘዴ፣ የእርማቶቹ ስኩዌር (እያንዳንዱ እርማት በራሱ ሲባዛ የሚገኘው) ድምር ከሁሉም ያነሰ እንዲሆን አድርጎ ልዩነቱን ያከፋፍላል።

በመጀመሪያ ልኬቶቹን ማጥራት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ጥንቃቄም እዚህ ላይ ነው። የብረት ሜትር (የመለኪያ ጥብጣቡ) በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የርዝመቱን 0.0000116 ያህል ይለጠጣል። በ20 ዲግሪ የተስተካከለ ሜትር በ30 ዲግሪ ሙቀት ሲዘረጋ፣ 250 ሜትሩን 29 ሚሊ ሜትር ያህል አሳንሶ ስለሚያነብ ይህ መደመር አለበት። ተዳፋት ላይ የተለካውም ወደ አግድም ርቀት ይለወጣል። በቆጠራ ላይ አንድ ሙሉ የሜትር ርዝመት፣ ለምሳሌ 30 ሜትር፣ ተዘልሎ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ መለካት እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም፤ ስሌቱ እንዲህ ያለውን ግድፈት አያድነውም፣ ይልቁንም ወደ ደህናዎቹ ልኬቶች ያዛምተዋል። ከላይ ያሉት ቁጥሮች በዚህ መንገድ የተጣሩ ናቸው እንበል።

ቀጥሎ ከሀ እስከ ለ ያለውን ርቀት "መ"፣ ከለ እስከ ሐ ያለውን "ረ" ብለን እንሰይም። ሦስት ልኬቶች ስላሉን ሦስት እኩልታዎች ይኖሩናል፦

መ = 100.02
ረ = 150.03
መ + ረ = 250.11

"መ" ያለባቸውን እኩልታዎች ስንደምር 2መ + ረ = 350.13፣ "ረ" ያለባቸውን ስንደምር መ + 2ረ = 400.14 ይሆናል። የእርማቶቹን ስኩዌር ድምር ትንሹ የሚያደርጉት እነዚህ ሁለቱ እኩልታዎች ናቸው። ሲፈቱ መ = 100.04፣ ረ = 150.05፣ ጠቅላላው ርቀት 250.09 ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ ልኬት የታረመው በ2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የስኩዌሮቹ ድምር 0.0012 ነው፤ 6 ሴንቲ ሜትሩ በአንዱ ላይ ቢጫን ግን 0.0036 በሆነ ነበር።

ይህ ስሌት ሦስቱን ልኬቶች እኩል ያምናል። በሜትር ሲለካ ግን ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ሜትሩ ደጋግሞ ስለሚዘረጋ የስህተት ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልኬት ከርዝመቱ ጋር በተገላቢጦሽ የሚሄድ ክብደት (የመታመን መጠን) ቢሰጠው የተሻለ ነው። በዚህ ጊዜ እርማቱ እንደ ርዝመታቸው 1.2፣ 1.8 እና 3.0 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይከፋፈላል፤ ርቀቶቹም 100.032፣ 150.048 እና 250.080 ሜትር ይሆናሉ። መደመራቸውን ማረጋገጥ አይዘንጋ።

የታረሙት ቁጥሮች በስሌት ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ እንጂ በመስክ መዝገቡ ላይ ያለው የመጀመሪያ ንባብ አይፋቅም። እዚህ ምሳሌ ላይ ትርፍ የሆነው ልኬት አንድ ብቻ ስለሆነ ማስረጃው ቀጭን ነው፤ ጊዜ ካለ ከሐ ወደ ሀ እየተመለሱ ሦስቱንም ርቀቶች እንደገና ለክቶ፣ በስድስት እኩልታዎች ስሌቱን መድገም ይገባል።